ክሮን ባዶ የሚያደርገው የኢሜይል ፊርማ

ጥያቄው የመጣው ከፍኖተ ሰላም ነው። ጠያቂው ኡቡንቱ 24.04 በተባለው የሊኑክስ ሲስተም ላይ ተንደርበርድ የሚባለውን የኢሜይል ፕሮግራም ይጠቀማሉ። በሚልኩት ኢሜይል መጨረሻ፣ ከስማቸውና ከስልካቸው ሥር፣ አንዳንዴ ምሳሌያዊ አነጋገር አንዳንዴ ጉባኤ ቃና የተባለው አጭር ቅኔ እየተለዋወጠ እንዲወጣላቸው ፈልገው ከጥቅስ ዝርዝር አንዱን በዕጣ በሚያወጣው ፎርቹን በሚባለው ፕሮግራም ሠርተዋል። በየ20 ደቂቃው እንዲቀይረውም ትእዛዝን በተወሰነለት ሰዓት ለሚያስኬደው ለክሮን ሰጥተውታል። ተርሚናል ላይ ሲያዝዙት ይሠራል፤ ክሮን ሲያስኬደው ግን የፊርማው ፋይል ባዶውን ይገኛል። በእጅ ሲያስኬዱትም ጥቅሱ አልፎ አልፎ ከመሐል ተጀምሮ ይወጣል፤ ደግሞም ከብዙዎቹ ጥቅሶች እነዚያው አጫጭሮቹ ብቻ ይመላለሳሉ።

እነዚህ ሦስት የተለያዩ ችግሮች ናቸው፤ መነሻቸውም አንድ አይደለም።

ባዶ የመሆኑን ነገር እናስቀድም። ኡቡንቱ ፎርቹንን የሚያስቀምጠው ሌሎቹ ትእዛዞች ባሉበት ፎልደር ሳይሆን ከጨዋታዎች ጋር፣ /ዩኤስአር/ጌምስ ውስጥ ነው። ተርሚናልዎ ይህን ፎልደር ያውቀዋል። ክሮን ግን የእርስዎን ተርሚናል ቅንብር አያነብም፤ ትእዛዝ የሚፈልገው /ዩኤስአር/ቢን እና /ቢን ውስጥ ብቻ ስለሆነ ፎርቹንን አያገኘውም። ጉዳቱ የሚብሰው በቅደም ተከተሉ ነው፦ «>» ምልክቱ ፋይሉን ባዶ የሚያደርገው ትእዛዙ ከመጀመሩ በፊት ነው። ስለዚህ ትእዛዙ ሳይሳካ ሲቀር የነበረው ፊርማ ቀድሞ ጠፍቷል። ክሮን ስህተቱን በኢሜይል ሊነግርዎ ይሞክራል፤ ማሽኑ ላይ የፖስታ አገልጋይ ስለሌለ ግን መልእክቱን ይጥለዋል። ምንም ስህተት ያላዩት ለዚህ ነው።

ከመሐል የሚጀምረው ደግሞ እንዲህ ነው። ፎርቹን እያንዳንዱ ጥቅስ የት እንደሚጀምር የሚያውቀው ስትርፋይል የተባለው ትእዛዝ ካዘጋጀው፣ መጨረሻው «.ዳት» ከሆነው ማውጫ ፋይል ነው። ዝርዝሩ ላይ አንድ ጥቅስ ጨምረው ወይም አርመው ስትርፋይልን ደግመው ካላስኬዱ፣ ማውጫው አሮጌውን ቦታ ይጠቁማል። ጽሑፍ በሚቀመጥበት ዩቲኤፍ-8 በተባለው ኮድ አንድ የኢትዮጵያ ፊደል 3 ባይት ስለሚይዝ መነሻው ፊደሉን ራሱን ሊሰነጥቀው ይችላል፤ መጀመሪያ ላይ የሚታየው የተበላሸ ምልክት ከዚያ የመጣ ነው።

አጫጭሮቹ ብቻ መመላለሳቸው አጭር ጥቅስ ብቻ አውጣ ከሚለው የፎርቹን «-ኤስ» ምርጫ ነው። ይህ ምርጫ አጭር የሚለው እስከ 160 ድረስ ነው፤ የሚቆጥረውም ባይት እንጂ ፊደል አይደለም። «ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል» 18 ፊደልና 4 ክፍተት ነው፤ ለፎርቹን ግን 58 ይሆናል። በአማርኛ ገደቡ ወደ 53 ፊደል ገደማ ይወርዳል ማለት ነው፤ ረዘም ያለ ቅኔ አይደርሰውም።

በፎርቹን መቀጠል ከፈለጉ ሙሉ አድራሻውን ይጻፉለት፣ ከእያንዳንዱ እርማት በኋላ ስትርፋይልን ይድገሙ፣ ከ«-ኤስ» ጋር ገደቡን ወደ 480 ባይት የሚያነሣውን «-ኤን 480» ይጨምሩ። እኔ ግን ለአማርኛ ጥቅስ ፎርቹንን አልመርጥም። ከፋይል ውስጥ መስመር በዕጣ የሚያወጣው ሻፍ የሚባለው ትእዛዝ ከሲስተሙ ጋር አብሮ የሚመጣ ነው፤ ማውጫ ፋይል አይሻም፣ ክሮንም ያገኘዋል።

በቤት ፎልደርዎ ውስጥ «ፊርማ» የሚል ፎልደር ይክፈቱ። የፋይል ስም በፊደላችን መሆኑ ሊኑክስን አያስቸግረውም። «ስም» በሚል ፋይል ስምዎንና ስልክዎን በሁለት መስመር ይጻፉ። «ጥቅስ» በሚለው ውስጥ በአንድ መስመር አንድ ጥቅስ ብቻ ያስገቡ፤ ሻፍ ባዶውንም መስመር እንደ ጥቅስ ስለሚቆጥረው በመሐልም በመጨረሻም ባዶ መስመር አይተዉ። ከዚያ «ቀያሪ» የሚል ሦስተኛ ፋይል ከፍተው እነዚህን አራት መስመሮች ያስገቡ። ትእዛዞቹ እዚህ በድምፃቸው ተጽፈዋል፤ እርስዎ በላቲን ትንንሽ ፊደላት ይተይቧቸው (ሻፍ፦ ኤስ፣ ኤች፣ ዩ፣ ኤፍ፤ ካት፦ ሲ፣ ኤ፣ ቲ፤ ቴስት፦ ቲ፣ ኢ፣ ኤስ፣ ቲ፤ ኤግዚት፦ ኢ፣ ኤክስ፣ አይ፣ ቲ)። የፋይሎቹ ስም እንዳለ ይቆያል።

ሲዲ ~/ፊርማ || ኤግዚት 1
ሻፍ -ኤን 1 ጥቅስ | ቲአር '/' '\ኤን' > ጊዜያዊ
ቴስት -ኤስ ጊዜያዊ || ኤግዚት 1
ካት ስም ጊዜያዊ > አዲስ && ኤምቪ አዲስ ፊርማዬ

ሦስተኛው መስመር ምንም ጥቅስ ካልተገኘ ሥራውን እዚያው ያቆመዋል። አራተኛው አዲሱን ፊርማ ለብቻው ጽፎ ከጨረሰ በኋላ ብቻ በአሮጌው ይተካዋል። የጥቅሱ ፋይል ቢጠፋ ወይም ባዶ ቢሆን የትናንቱ ፊርማ እንዳለ ይቆያል እንጂ ባዶ አይሆንም። ተንደርበርድም በግማሽ የተጻፈ ፋይል አያገኝም።

በሁለተኛው መስመር ያለው ቲአር ለቅኔው ነው። ጉባኤ ቃና ሁለት ቤት ስለሆነ በሁለቱ ቤቶች መካከል «/» አድርገው በአንድ መስመር ይጻፉት፤ ሲወጣ ለሁለት ይከፈላል። እዚህ ላይ ብዙ ሰው በራሳችን ድርብ ሰረዝ «፤» መክፈል ይመኛል። አያድርጉት። ቲአር ፊደል አያውቅም፣ ባይት በባይት ነው የሚተካው። «፤» ሦስት ባይት ነው፤ የመጀመሪያው ባይቱም ከሀ እስከ ፐ ያሉት ፊደሎች ሁሉ የሚጀምሩበት ነው። ስለዚህ ጽሑፉ በሙሉ ይፈራርሳል።

የፊርማ ልማዱ 4 መስመር ነው። ሁለቱን ስምና ስልክ ስለያዙት ለጥቅሱ ሁለት ይቀራል፤ ጉባኤ ቃና ልክ ይገባል። ዘአምላኪየ በ3 ቤቱ ልኩን በአንድ መስመር ያልፋል፤ ይሁን ቢባል ችግር የለውም። ባለ 8 ቤቱን መወድስ ግን እዚህ አያስገቡት፤ በስልክ ለሚያነብ ሰው ከደብዳቤዎ ይረዝምበታል።

አሁን ተንደርበርድ። ኡቡንቱ 24.04 የሚያቀርበው ተንደርበርድ የስናፕ ጥቅል (ከሌላው ሲስተም ተከልሎ የሚሠራ ፕሮግራም) ነው፤ ስናፕ ደግሞ በቤት ፎልደርዎ ውስጥ ስማቸው በነጥብ የሚጀምር ስውር ፋይሎችን እንዲያነብ አይፈቀድለትም። በድሮው ልማድ ፊርማውን በነጥብ የሚጀምረው «.ሲግኔቸር» ውስጥ ካስቀመጡት፣ ፋይሉ ትክክል ሆኖ ሳለ ፊርማው ላይመጣ ይችላል። ስለዚህ ነው ፎልደሩ ያለ ነጥብ «ፊርማ» የተባለው። በአካውንት ማስተካከያው ገጽ፣ ከፊርማ መጻፊያው ሳጥን በታች፣ ፊርማውን ከፋይል የሚወስደውን ምርጫ ምልክት አድርገው «ፊርማዬ» የሚለውን ፋይል ያሳዩት። ሁለት ሰረዝና አንድ ክፍተት ያለውን መለያ መስመር ተንደርበርድ ራሱ ስለሚያስገባው አይጻፉት። ፋይሉን የሚያነበው አዲስ የደብዳቤ መስኮት ሲከፈት ነው፤ የተከፈተ ረቂቅ በነበረው ፊርማ ይቀጥላል።

የክሮን ዝርዝርዎን ይክፈቱና አሮጌውን መስመር በዚህ ይተኩ፦

*/20 * * * * ኤስኤች ~/ፊርማ/ቀያሪ 2>> ~/ፊርማ/ስህተት

የመጨረሻው ክፍል ስህተቱን «ስህተት» በሚል ፋይል ያጠራቅምልዎታል። ከመስመሩ በኋላ ኢንተር መጫንዎን አይርሱ። በዚህ መስመር ላይ የፐርሰንት ምልክት አያስገቡ፤ ክሮን እንደ አዲስ መስመር ይቆጥረውና ትእዛዙን ይቆርጠዋል። ቀን የሚቆጥር ነገር ካለዎት «ቀያሪ» ውስጥ ይግባ።

በየ20 ደቂቃው ፋንታ በቀን አንዴ ከመረጡ ሰዓቱን ልብ ይበሉ፤ የክሮን ሰዓት ከእኩለ ሌሊት ይጀምራል፣ የእኛ ጠዋት 2 ሰዓት ለእርሱ 8 ነው። በዚያ ሰዓት መብራት ከሌለና ማሽኑ ከጠፋ የዚያ ቀን ቅያሪ ያልፋል፤ አምስቱን የሰዓት ቦታዎች በ«@ሪቡት» የተካ ሁለተኛ መስመር ቢጨምሩ ማሽኑ ሲበራ ይሠራዋል። ለዘመን መለወጫ የተለየ ፊርማ የሚፈልጉ ደግሞ መስከረም 1 ሁልጊዜ ሴፕቴምበር 11 እንዳይመስላቸው፤ ጳጉሜን 6 በሆነችበት ዓመት ማግሥት፣ ለምሳሌ መስከረም 1 ቀን 2020፣ 12 ላይ ይውላል።

ሌላ የኢሜይል ፕሮግራም ለሚጠቀሙ ክሮንም አያስፈልግም። ኬሜይል የትእዛዝን ውጤት እንደ ፊርማ ይቀበላል፤ ኢቮሉሽን ስክሪፕት መጨመሪያ አለው፤ ሙት በሚባለው የተርሚናል ኢሜይል ፕሮግራም ላይ የፊርማው ስም በ«|» ካለቀ ትእዛዙን ለእያንዳንዱ ደብዳቤ ያስኬደዋል። ፊርማውን ኔምድ ፓይፕ (አንዱ ፕሮግራም ለሌላው ጽሑፍ የሚያቀብልበት ልዩ ፋይል) አድርጉት የሚል የቆየ ምክር ካገኙ ይለፉት፤ መጠባበቂያ ቅጂ የሚወስድ ፕሮግራም ሲያነበው እዚያው ተገትሮ ሊቀር ይችላል። ኢሜይልዎን በብራውዘር የሚከፍቱ ከሆነ ግን ይህ ሁሉ አይሠራም፤ ብራውዘሩ ከማሽንዎ ላይ ፊርማ አያነብም።

ስለ ጥቅሶቹ ምርጫ አንድ ነገር ልጨምር። ማን ምን እንደሚደርሰው አያውቁም። ክፍያው የዘገየበት ደንበኛ «ከሞኝ ደጃፍ ሞፈር ይቆረጣል» የሚል ከደረሰው ለእርሱ የተጻፈ ነው የሚመስለው፤ ዕጣው እንደጣለው ማን ያስረዳዋል? «ድር ቢያብር አንበሳ ያስር» ዓይነቱ ማንንም አይነካም። ለመሥሪያ ቤት ደብዳቤ ደግሞ በዚያው አካውንት ሥር ስምና ስልክ ብቻ ያለው ሌላ የላኪ ማንነት ያዘጋጁ፤ ተንደርበርድ ከላኪው ስም ጎን እንዲመርጡ ያደርግዎታል።

ለክሮን ከመስጠትዎ በፊት ክሮን በሚያስኬድበት ሁኔታ ይፈትኑት። «ኤንቭ -አይ» (ኢ፣ ኤን፣ ቪ) ብለው፣ «ሆም=» (ይህ ብቻ በትልልቅ ፊደላት፦ ኤች፣ ኦ፣ ኤም፣ ኢ) ከሚለው ቀጥሎ የቤት ፎልደርዎን ሙሉ አድራሻ ሰጥተው፣ ከዚያ «ኤስኤች» እና የቀያሪውን ሙሉ አድራሻ በአንድ መስመር ይጻፉ፤ የተርሚናልዎ ቅንብር ሁሉ ተነሥቶ ይሠራል። «ፊርማዬ» ተቀይሮ ካገኙት ለክሮን ይስጡት። ካልተቀየረ ስህተቱን እዚያው ተርሚናሉ ላይ ያነቡታል።