ይነቀል ወይስ ይታሰር? ጥርሳቸው ለሚነቃነቅ ልጆቼ

ልጆቼ፣

ጥርሱ የላላበትን ሰው ገና አፉን ሳይከፍት አውቀዋለሁ። በምላሱ ይገፋዋል፤ ጉንጩ ከውስጥ እፍ እንደተባለ ነገር ብቅ ጥልቅ ይላል። ወንበሩ ላይ ሲቀመጥ የሚጠይቀኝም ያው ነው፦ «ይነቀልልኝ ወይስ ይታሰርልኝ?» በዚህ ሙያ ሠላሳ ዓመት አልፎኛል፤ ጥያቄው አንድም ቀን ተለውጦ አያውቅም። የተለወጠው የእኔ መልስ ነው።

ጀማሪ ሳለሁ አንዲት ወጣት አራት የታች የፊት ጥርሶቿ እየተወዛወዙ መጣች። ከጀርባቸው ቀጭን ሽቦ ዘርግቼ በሙሌት አጣበቅኳቸው። መስታወት ስሰጣት ከደስታዋ የተነሳ አለቀሰች፤ እኔም ደረቴን ነፋሁ። ከድዷ ሥር ያለውን ግን በወጉ አላጸዳሁትም ነበር። በሁለተኛው ዓመት ስትመለስ ሽቦው እንዳለ ነው፤ የእጄ ሥራ አልተበጠሰም። አራቱ ጥርሶች ግን አንድ ላይ እንደ አንድ ቁራጭ ይወዛወዛሉ። ራጁ ላይ የያዛቸው አጥንት የለም ማለት ይቻላል። አራቱንም በአንድ ቀን ነቀልኳቸው።

ጥርስን የሚያላላው ከሥሩ ያለው ነገር ነው። በድድ ጠርዝ ላይ የሚጣበቀው የባክቴሪያ ንጣፍ ካልተጠረገ ይደነድናል፤ ወደ ታች እየሰረገም በድዱና በሥሩ መካከል ኪስ ይከፍታል። ሰውነት ከዚያ ጋር ሲታገል የገዛ አጥንቱን ያጣል። ክፋቱ አያምም። የሚናገረው ደም ነው፤ ስትቦርሹ የሚታየው። ሲጋራ የሚያጨስ ሰው ደግሞ ይህም ምልክት ይደበቅበታል፤ ድዱ እምብዛም አይደማም፣ እሱም ጤነኛ ነኝ ይላል።

እ.ኤ.አ. በ1965 ሃራልድ ሎ የተባለ ተመራማሪና ባልደረቦቹ 12 ጤነኛ ሰዎች ጥርሳቸውን ማጽዳት እንዲያቆሙ አደረጉ። ከ10 እስከ 21 ቀን ባለው ጊዜ ውስጥ የሁሉም ድድ ተቆጣ። ማጽዳት ሲጀምሩ በሳምንት ገደማ ተመለሰላቸው። እናንተ ደም ያያችሁት በዚህ ደረጃ ላይ ከሆነ ዕድለኞች ናችሁ። አጥንቱ ከሄደ በኋላ ነገሩ እንዲህ ቀላል አይደለም።

ሐኪማችሁ ምልክት የተቀረጸባት ቀጭን መለኪያ ድዳችሁ ውስጥ ሳያስገባ «በዓይኔ አይቻለሁ» ቢላችሁ አትቀበሉት። ጤነኛ ድድ ከ1 እስከ 3 ሚሊሜትር ያስገባል። የዚያች ልጅ 8 ነበር። መነቃነቁ ደግሞ የሚታወቀው ጥርሱን በሁለት መሣሪያ እጀታዎች መሃል ይዞ በመግፋት ነው፤ ወደ ጎን ትንሽ መሄድ አንድ ነገር ነው፣ ወደ ታች ሲጫኑት መስመጥ ሌላ ነው።

ሕክምናው የሚጀምረው በጽዳት ነው፤ ላይ ላዩን በማጠብ ሳይሆን በማደንዘዣ ከድድ ሥር ገብቶ ሥሩን በመፋቅ። እዚህ ላይ ብዙ ሰው ይቀየመኛል። እብጠቱ ሲወርድ ድዱ ይሸሻል፣ ጥርሱ ይረዝማል፣ መሃሉ ይከፈታል፣ ቀዝቃዛ ነገር ይጠዘጥዛል። «አበላሸኸኝ» ያለኝ አንድ ሁለት አይደለም። ነገር ግን ከመነቃነቁ ከፊሉ የእብጠቱ ነበርና፣ ከሦስት ወር ገደማ በኋላ ስንለካ የጠበቀ ጥርስ ብዙ ጊዜ እናገኛለን። ለዚህ ነው በመጀመሪያው ቀን ለመንቀል የማልቸኩለው። በኪኒን ብቻ እንዲድን የሚፈልግም አለ፤ አንቲባዮቲክ ያንን የተጣበቀ ንጣፍ ብቻውን አያስለቅቅም።

ኪሱ አሁንም 6 ሚሊሜትርና ከዚያ በላይ ከሆነ ድዱን ከፍቶ በዓይን እያዩ ማጽዳት ይመጣል። አጥንቱ በአንዱ ጎን እንደ ጉድጓድ ከተበላ መሙያ ጨምሮ መልሶ ማብቀል ሊሞከር ይችላል። ዙሪያውን እኩል ከወረደ ግን አጥንት እመልሳለሁ የሚላችሁን ተጠንቀቁ። ማሰር የሚመጣው ከዚህ ሁሉ በኋላ ነው፤ ሲያኝኩ የሚያስቸግር ወይም መነቃነቁ የሚብስ ከሆነ። ማሰር ማሳረፊያ እንጂ መድኃኒት አይደለም፤ ከሽቦው ሥር ማጽዳትም የእናንተ ሥራ ይሆናል።

እስከ ሥሩ ጫፍ አጥንት ያጣና ሲጫኑት የሚሰምጥ ጥርስ አብዛኛውን ጊዜ ይነቀላል። በቦታው ብሪጅ (በጎን ባሉት ጥርሶች ላይ የሚደገፍ ሰው ሠራሽ ጥርስ)፣ ተነቃይ ጥርስ ወይም ኢምፕላንት (አጥንት ውስጥ የሚተከል የብረት ሥር) ይገባል። ወጣቶች ኢምፕላንት ትወዳላችሁ፤ ብረት አይታመምም ብላችሁ። ብረቱ አይታመምም፤ የያዘው አጥንት ግን ይታመማል፣ በድድ በሽታ ጥርሱን ያጣ ሰው ላይ ደግሞ ይበልጡኑ።

በወጣትነታችሁ አጥንት ያጣችሁ ከሆነ ሁለት ነገር አድርጉ፦ ስኳራችሁን ተለኩ፣ ወንድምና እህቶቻችሁም ይታዩ። በቤተሰብ የሚሄድበት ጊዜ አለ።

አንዲት ደንበኛ አለችኝ። ከአሥራ አምስት ዓመት በፊት አንድ የፊት ጥርሷን «ይውጣ» ብያት እምቢ አለች። በየሦስት ወሩ ትመጣለች፤ በጥርስ መሃል የምትገባዋን ትንሽዬ ብሩሽ ቦርሳዋ ውስጥ ይዛ ትዞራለች። ባለፈው ወር በእጀታው ገፋሁት። ያው እንደ ድሮው ትንሽ ይሄዳል፤ አልባሰም። «አሁንስ ይውጣ?» አለችኝ፣ እየሳቀች።