ዳታቤዙ ሲንቀራፈፍ ዲስኩን እንዴት እንመርምር?

ስለ ዳታቤዝና ስለ ዲስክ የሚያስቸግራችሁን ጠይቁኝ ብዬ ነበር። ከመጡት ውስጥ እነዚህን መርጫለሁ።

ጥያቄ፦ ፖስትግሬስ የተባለው ዳታቤዛችን ጠዋት ጠዋት ይንቀራፈፋል። ሲፒዩው ግን ሥራ ፈት ነው። ችግሩ የዲስክ መሆኑን በምን ልወቅ?

መልስ፦ ልክ ሲንቀራፈፍ የሊኑክስን የዲስክ መከታተያ «አይኦስታት»ን ክፈትና በየሰከንዱ እይ። ብዙ ሰው ዲስኩ ስንት በመቶ ተይዟል የሚለውን ያያል። ኤስኤስዲ (የሚዞር ክፍል የሌለው ዲስክ) ላይ ይህ ቁጥር ያሳስታል፤ ብዙ ሥራ ባንዴ ስለሚሠራ 100 ቢልም አቅም ሊተርፈው ይችላል። አንተ «አዌይት» የሚለውን ዓምድ እይ፤ አንዱ ንባብ ስንት ሚሊሰከንድ እንደጠበቀ ይነግርሃል። ኤንቪኤምኢ (ፈጣኑ የኤስኤስዲ ዓይነት) ከሆነ ከ1 በታች ጠብቅ። በደቂቃ 7200 ጊዜ የሚዞር ሃርድ ዲስክ ከሆነ ግን 10 እና 12 ያለ ነው። ባክአፑ ስንት ሰዓት እንደሚነሳም አጣራ፤ ጠዋት ዲስኩን የሚይዘው እሱ ሊሆን ይችላል።

ጥያቄ፦ ፋይል ስገለብጥ በሰከንድ 500 ሜጋባይት ይሄዳል። ዳታቤዙ ውስጥ ሺህ መስመር ማስገባት ግን 10 ሰከንድ ይፈጅብኛል። ለምን?

መልስ፦ ፋይል ሲገለበጥ ሊኑክስ ራም ላይ ይይዝና «ጨርሻለሁ» ይልሻል። ዳታቤዝ ግን በየኮሚቱ (ለውጥ በጸደቀ ቁጥር) ዲስኩ «በእርግጥ ጽፌዋለሁ» እስኪለው ቆሞ ይጠብቃል። ኤፍሲንክ የሚባለው ይህ ነው። ለቤት ኮምፒውተር የሚሸጡ ኤስኤስዲዎች እዚህ ላይ ይደክማሉ። ለሰርቨር የሚሸጡት ግን መብራት ቢጠፋም የያዙትን ጽፈው የሚጨርሱበት ካፓሲተር ስላላቸው ቶሎ ይመልሳሉ። ዲስክ ከመግዛትሽ በፊት ግን ሺሁን መስመር በአንድ ትራንዛክሽን (አንድ ላይ በሚጸድቅ ጥቅል) አስገቢው። ሺህ ጊዜ መጠበቁ አንድ ጊዜ ይሆናል።

ጥያቄ፦ ኤፍሲንክን ላጥፋውስ?

መልስ፦ እባክህ፣ እንዳታደርገው። መብራት አንዴ ድርግም ካለ ዳታቤዙ እንዳለ ሊበላሽ ይችላል። የግድ ከሆነ «ሲንክሮነስ ኮሚት» የተባለውን የፖስትግሬስ ቅንብር አጥፋ፤ የመጨረሻዎቹ ጥቂት ኮሚቶች ሊጠፉ ይችላሉ እንጂ ዳታቤዙ አይበላሽም። ገንዘብ የሚመዘገብበት ከሆነ ይህንንም አልመክርም።

ጥያቄ፦ ብዙ ዲስኮችን እንደ አንድ ለማሠራት ራይድ 5 ይሻላል ወይስ ራይድ 10?

መልስ፦ 10። ራይድ 5 ላይ አንዲት ትንሽ ነገር ዲስክ ላይ መጻፍ ሁለት ንባብና ሁለት ጽሕፈት ያስከትላል። ዲስኮቹን የሚመራውን የራይድ ካርድ ባትሪም እዩ። አንዴ ሌሊቱን ሙሉ ኩዌሪ (ለዳታቤዙ የሚቀርብ ጥያቄ) ስናስተካክል አድረን፣ ጠዋት ስናየው ባትሪው ሞቷል። ካርዱ ካሹን (ፈጣን ጊዜያዊ ማቆያውን) ትቶ በቀጥታ ዲስክ ላይ ይጽፍ ነበር።

ጥያቄ፦ አማዞን ክላውድ ላይ ያለው፣ ጂፒ2 የተባለው ዓይነት 100 ጊጋ ዲስኬ ግማሽ ሰዓት ይፈጥናል፤ ከዚያ ይሞታል።

መልስ፦ ክሬዲትህ፣ ማለትም ዲስኩ ሥራ ሲቀንስ የሚያጠራቅመው የፍጥነት መብት፣ እያለቀ ነው። ጂፒ2 ለአንድ ጊጋ በሰከንድ 3 ኦፐሬሽን (ንባብ ወይም ጽሕፈት) ይሰጣል፤ ያንተ 300 ነው። 3000 የሚደርሰው በተጠራቀመ ክሬዲት ነው፤ እሱም 33 ደቂቃ ገደማ ቢቆይ ነው። ወደ ጂፒ3 ቀይረው። መነሻው 3000 ነው፤ ሰርቨሩንም ማቆም አያስፈልግህም።