ፕሮፎርማው ላይ የተጻፈው ምንድን ነው? የአንባቢያን የኅትመት ጥያቄዎች

ሰሞኑን የሚደርሱን ጥያቄዎች ማተሚያ ቤት ማተሚያ ቤት የሚሸቱ ሆነዋል። ገንዘብ ከፍላችሁ ያላሰባችሁት ነገር በእጃችሁ እንዲገባ አንፈልግም። ስለዚህ የዛሬውን ዓምድ ሙሉ ለዚሁ ሰጥተነዋል።

ጥያቄ፦ ካዛንቺስ አካባቢ አነስ ያለች ካፌ ልከፍት ነው። ለመክፈቻው 1000 ፍላየር ለማሳተም ከሁለት ማተሚያ ቤቶች ፕሮፎርማ ወሰድኩ። አንዱ «ኤ5፣ 150 ግራም አርት ፔፐር፣ 4/4» ይላል። ሌላው «ኤ5፣ 115 ግራም፣ 4/1» ይላል፣ ዋጋውም በጣም ያንሳል። ልዩነቱን ስጠይቅ «ያው ነው» አሉኝ። ርካሹን ልውሰድ?

መልስ፦ እህቴ፣ ያው አይደለም። ሁለቱ ዋጋ የሰጡሽ ለተለያየ ዕቃ ነው፤ ስለዚህ ቁጥሮቹን ጎን ለጎን አድርገሽ ብታወዳድሪ ምንም አይነግርሽም።

«አርት ፔፐር» የሚባለው ላዩ ተለስኖ የለሰለሰ የኅትመት ወረቀት ነው። ከግራሙ እንጀምር። «150 ግራም» ማለት የዚያ ወረቀት አንድ ካሬ ሜትር ቢመዘን 150 ግራም ይሆናል ማለት ነው። ቢሮ ውስጥ ፎቶኮፒ የምናደርግበት ተራ ወረቀት 80 ግራም ነው። ቢዝነስ ካርድ ብዙ ጊዜ 300 ወይም 350 ግራም ላይ ይታተማል። ፍላየር በ115ም በ150ም ይሠራል፣ ሁለቱም ነውር የለባቸውም። ግን 115ቱ ሲያዝ ልፍስፍስ ይላል፣ ጀርባው ላይ ጠቆር ያለ ቀለም ካለም ወደ ፊት ሊታይ ይችላል። መንገድ ላይ አድለሽ የምትጨርሽው ከሆነ 115 ይበቃሻል። ፍላየሩ ላይ ሜኑ አድርገሽ ደንበኛ ቤቱ ወስዶ እንዲያስቀምጠው ካሰብሽ ግን 150ውን ውሰጂ።

«4/4» የቀለም ነገር ነው። ከመስመሩ በፊት ያለው ቁጥር የፊቱ ገጽ ነው፣ ከመስመሩ በኋላ ያለው የጀርባው። አራት ማለት ሙሉ ከለር ነው፤ ምክንያቱም ከለር የሚባለው ኅትመት ከሳያን፣ ከማጀንታ፣ ከቢጫና ከጥቁር ይሠራል። ስለዚህ 4/4 ሁለቱም ገጽ ከለር ነው። 4/1 ፊቱ ከለር፣ ጀርባው ባለ አንድ ቀለም፣ ብዙ ጊዜ ጥቁር ነው። 4/0 ከሆነ ጀርባው ባዶ ነው። አንቺ ጀርባው ላይ የምግብ ፎቶ ልታደርጊ አስበሽ 4/1 ከፈረምሽ ፎቶው ጥቁርና ነጭ ሆኖ ይመጣልሻል፣ ማተሚያ ቤቱም ፊርማሽን ማስረጃ አድርጎ ያቀርብብሻል።

አሁን ወደ ሁለተኛው ሂጂና «በ150 ግራም፣ በ4/4 ስንት ታደርጉልኛላችሁ?» ብለሽ አዲስ ፕሮፎርማ አጽፊ። 15 በመቶው ቫት ዋጋው ውስጥ ይግባ አይግባም፣ ዲዛይኑን ማን እንደሚሠራም ይጻፍ። በቃል የተባለ ነገር ሁሉ ቀን ሲከፋ ይረሳል።

ዕቃውን ስትረከቢ ደግሞ ሚዛን ላይ አስቀምጪው። ኤ5 ወረቀት 148 በ210 ሚሊ ሜትር ነው። በ150 ግራም 1000 ፍላየር ወደ 4.7 ኪሎ ይመዝናል፣ በ115 ግራም ከሆነ ደግሞ 3.6 ኪሎ ገደማ። የአንድ ኪሎ ልዩነት የሰፈር ባለሱቅ ሚዛንም አይስተውም። የ150 ግራም ዋጋ ከፍለሽ 3.6 ኪሎ ከመጣልሽ የሆነ ነገር ተቀይሯል፣ ወይም ብዛቱ ጎድሏል።

ጥያቄ፦ ፒያሳ ልብስ እሸጣለሁ። ሎጎዬ ስልኬ ላይ ደማቅ ሰማያዊ ነው። ታትሞ ሲመጣ ወደ ወይን ጠጅ የሚያደላ ደብዛዛ ነገር ሆነ። ከዚያ ብሶ የሱቄ ስም መሃል ላይ ፊደሎቹ የእንግሊዝኛ ዝብርቅርቅ ሆነው ታትመዋል። አጭበርብረውኝ ይሆን?

መልስ፦ ወንድሜ፣ በቀለሙ ማንም አላጭበረበረህም። ስልክ ቀለም የሚያሳይህ በብርሃን ነው፤ ቀይ፣ አረንጓዴና ሰማያዊ ብርሃን እየቀላቀለ። ዲዛይነሮች አርጂቢ የሚሉት እሱን ነው። ማተሚያ ማሽን ግን ብርሃን የለውም። ያሉት ከላይ ያልናቸው አራት ቀለሞች ናቸው፣ ሲኤምዋይኬ ይባላሉ። ስክሪን ላይ የሚያበራ ሰማያዊና የሚያበራ አረንጓዴ በእነዚያ አራት ቀለሞች አይደረስባቸውም፤ ማሽኑ የሚችለውን ያህል ተጠግቶ ይቆማል፣ ሰማያዊው ደግሞ ብዙ ጊዜ ወደ ወይን ጠጅ ያዘነብላል። ማጉያ መነጽር ካገኘህ የታተመውን ሎጎ ጠጋ ብለህ እየው። ትናንሽ ነጠብጣቦች ጎን ለጎን ተደርድረው ታያለህ፤ ከሩቅ ሰማያዊ ያስመሰሉት እነሱ ናቸው።

መፍትሔው ሁለት ነው። አንደኛው፣ ዲዛይነሩ ሥራውን ከመጀመሪያው በሲኤምዋይኬ እንዲሠራው ማድረግና ሰማያዊውን ወረቀት ላይ አትሞ እንዲያሳይህ መጠየቅ። ሁለተኛው ፓንቶን ነው፤ ይህ እያንዳንዱ ቀለም የራሱ ቁጥር ያለው የቀለም ዝርዝር ነው፣ ያንን አንድ ቀለም አስቀድሞ በቁጥሩ በጥብጦ ብቻውን ማተም ይቻላል። ጥሩ ነው፣ ግን ተጨማሪ ወጪ አለው። ለአንድ ልብስ ሱቅ የመጀመሪያው ይበቃል ባይ ነኝ።

የፊደሉ ነገር ግን ሌላ ነው፣ እሱ ያናድዳል፤ በቀላሉ መከላከል ይቻል ነበርና። የድሮዎቹ የአማርኛ ፎንቶች የተሠሩት ፊደሎቻችን የኮምፒውተር ደረጃ ሳይወጣላቸው በፊት ስለነበር የላቲን ፊደል ቦታ ላይ ነበር አማርኛውን የሚያስቀምጡት። ፋይሉ ያ ፎንት ወደሌለበት ኮምፒውተር ሲሄድ ከስር ያለው ላቲን ይወጣል። እ.ኤ.አ. በ1999 ግዕዝ ፊደል ዩኒኮድ የተባለው ዓለም አቀፍ የኮምፒውተር ፊደላት ደረጃ ውስጥ ከገባ በኋላ ችግሩ ቀንሷል እንጂ አልጠፋም፤ እነዚያ ፎንቶች ቆንጆ ስለሆኑ ብዙ ዲዛይነር እስከ ዛሬ ይጠቀምባቸዋል። ዲዛይነርህን «ጽሑፉን ወደ ከርቭ ቀይረህ በፒዲኤፍ ስጠኝ» በለው። ከርቭ ሲሆን ፊደሉ ጽሑፍ መሆኑ ይቀርና ሥዕል ይሆናል፤ የትኛውም ማሽን ላይ አይበላሽም። ከዚያ በኋላ ግን ስህተት ማረም ስለማይቻል ከርቭ ያልሆነውን ቅጂ ለራስህ አስቀር። ፎቶዎቹም በእውነተኛ መጠናቸው 300 ዲፒአይ (በአንድ ኢንች 300 ነጥብ) ይሁኑ። ከቴሌግራም እንደ ፎቶ የወረደ ሎጎ አትላክ፣ ተጨምቆ ጥራቱን አጥቶ ነው የሚመጣው።

አንድ ነገር ልጨምርልህ። ጥቃቅን የአማርኛ ጽሑፍ በጥቁር ብቻ ይታተም፤ ጥቁሩ 100፣ ሦስቱ ሌሎች ቀለሞች 0። አራቱም ከተደራረቡ ማሽኑ በፀጉር ስፋት ሲንቀሳቀስ ፊደሉ ጥላ ያወጣል። ጠቆር ያለ መደብ ላይ ነጭ ፊደል ከፈለግክ ደግሞ አታሳንሰው፤ ቀለሙ ይስፋፋና የ«ኔ» ቀለበት ይደፈናል፣ «ኘ»ም ላዩ ላይ ያለው መስመር ጠፍቶ «ነ» ይሆናል። ስልክ ቁጥርህና የሱቅህ ስም በዚህ ዓይነት እንዲበላሹ አትፍቀድ።

ጥያቄ፦ ጡረታ የወጣሁ መምህር ነኝ፣ የምኖረው አራት ኪሎ ነው። የቤተሰባችንን የዘር ሐረግና ታሪክ ጽፌ 90 ገጽ ያህል ሆኗል። ለልጆቼና ለዘመድ 100 ቅጂ ፈለግሁ። አንድ ትልቅ ማተሚያ ቤት «ለዚህ ብዛት ኦፍሴት አያዋጣዎትም» ብሎ መለሰኝ። ምን ማለታቸው ነው?

መልስ፦ መምህር፣ በመጀመሪያ እንዲህ ያለውን ታሪክ ጽፈው ለልጅ ለልጅ ልጅ ስላቆዩ እናመሰግናለን። መልሰው የላኩዎት ሰዎችም በቅንነት ነው የነገሩዎት፤ ገንዘብዎን ተቀብለው ዝም ማለት ይችሉ ነበር።

ኦፍሴት የሚባለው የማተሚያ ዘዴ ሥሩ ሩቅ ነው። እ.ኤ.አ. በ1796 አሎይስ ሴኔፌልደር የተባለ ጀርመናዊ፣ ውኃና ቅባት እንደማይዋሃዱ ተጠቅሞ ከድንጋይ ላይ ማተም ቻለ። የዛሬው ኦፍሴት በዚያው መርህ ነው የሚሠራው፤ ድንጋዩ ቀርቶ በስስ ብረት ተተክቷል፣ ፕሌት ይሉታል። ቀለሙ ከፕሌት ወደ ጎማ፣ ከጎማ ወደ ወረቀት ያልፋል። ለእያንዳንዱ ቀለም አንድ ፕሌት ያስፈልጋል። ፕሌቱ መሠራት አለበት፣ ማሽኑ መስተካከል አለበት፣ ቀለሙ እስኪረጋ ድረስም ብዙ ወረቀት ይበላሻል። ይህ ሁሉ ወጪ 100 ቅጂ ቢያሳትሙም 5000 ቢያሳትሙም አይቀየርም። ለ5000 ሲካፈል በአንዱ መጽሐፍ ላይ የሚያርፈው ትንሽ ነው። ለ100 ሲካፈል ግን ዋጋው ሰማይ ይነካል።

ዲጂታል ኅትመት ግን ፕሌት የለውም። ከኮምፒውተሩ በቀጥታ ይታተማል፣ የመጀመሪያው ቅጂና መቶኛው ቅጂ ዋጋቸው እኩል ነው። ለእርስዎ የሚስማማው ይኸው ነው። እዚያው ሰፈርዎ ያለው ብርሃንና ሰላም ማተሚያ ቤት በ1914 ዓ.ም. ሲቋቋም ዘመኑ የእርሳስ ፊደል አንድ በአንድ እየተለቀመ ገጽ የሚሠራበት ነበር፤ ዛሬ 100 መጽሐፍ በአጭር ጊዜ ታትሞ ይጠረዛል።

ለእርስዎ ግን ከዋጋው የሚበልጥ ጥቅም አለው። በዲጂታል አንድ መጽሐፍ ብቻ አስቀድሞ ታትሞና ተጠርዞ ሊሰጥዎ ይችላል። ቤትዎ ይውሰዱት፣ ስሞቹንና ዓመተ ምሕረቶቹን በእርሳስ እያሰመሩ ያንብቡት፣ ለታላላቅ ዘመዶችም ያስነብቡት። የአያት ስም ተሳስቶ ከታተመ በኋላ ማረሚያ ወረቀት መለጠፍ ያሳዝናል። አርመው ሲጨርሱ ያንን ቅጂ ፈርመውበት ይመልሱ፣ ቀሪው 99 በዚያ ይታተም። ሽፋኑን 250 ወይም 300 ግራም ላይ አድርገው ማት ላሚኔሽን (የማያብለጨልጭ ስስ የፕላስቲክ ልባጥ) ያስደርጉበት፤ እጅ በእጅ ሲዞር ቶሎ አይቆሽሽም።

ጥያቄ፦ ልደታ ያለ የቀድሞ ተማሪዎች ማኅበር ጸሐፊ ነኝ። ለ500 አባላት የመዋጮ ደብዳቤ በፖስታ ልንልክ ነው። ውጭ አገር የሚኖር አባላችን ያዘጋጀልን ዕቅድ ግን «ሜይሊንግ ሊስት ይጽዳ፣ በቫሪያብል ዳታ ይታተም፣ በዲኤል ይላክ፣ ሪስፖንስ ሬት ይያዝ» ይላል። ግራ ገባን።

መልስ፦ ዕቅዱ ጥሩ ነው፣ የተጻፈው ግን ለሌላ አገር ነው።

ዲኤል የኤንቨሎፕ ልክ ነው፤ 110 በ220 ሚሊ ሜትር። ኤ4 ደብዳቤ ለሦስት እኩል ሲታጠፍ ልክ ይገባበታል። ለሁለት ብቻ ካጠፋችሁት ሲ5 ያስፈልጋችኋል፣ እሱ 162 በ229 ነው። የፖስታ ክፍያ በክብደት ስለሚሄድ ግራሙን እዚህም አስቡበት፤ 80 ግራም የሆነ አንድ ኤ4 ወረቀት 5 ግራም ብቻ ነው የሚመዝነው፣ በወፍራም አርት ፔፐር ማተም ግን የቴምብሩን ሒሳብ ሊያንረው ይችላል።

ሜይሊንግ ሊስት የተቀባዮች ዝርዝር ነው። ውጭ አገር «ይጽዳ» ሲባል የቤት ቁጥርና መንገድ ማስተካከል ነው። እኛ ጋ ፖስታ ከ1886 ዓ.ም. ጀምሮ ቢኖርም ደብዳቤ የሚገባው በአብዛኛው ፖስታ ሣጥን ውስጥ ነው። ስለዚህ የእናንተ ጽዳት የፖስታ ሣጥን ቁጥሮችን ማረጋገጥ ነው። ብዙ ሰው የግል ሣጥን የለውም፣ በመሥሪያ ቤቱ ሣጥን ነው የሚቀበለው፣ መሥሪያ ቤት ከቀየረ ደብዳቤው እዚያው ይቀራል። አስቀድማችሁ ደውሉ። ሣጥን የሌላቸውን ለይታችሁ በእጅ አድርሱላቸው። ኤንቨሎፑ ጀርባ ላይ የራሳችሁን ሣጥን ቁጥር አትሙበት፤ ሰውዬው ከሌለ ተመልሶ ይምጣ።

ቫሪያብል ዳታ ላይ ግን በጣም ተጠንቀቁ። እያንዳንዱ ደብዳቤ ላይ የተቀባዩ ስም ከኤክሴል እየተነሣ በዲጂታል ማሽን ይታተማል፣ ቀሪው ጽሑፍ አይለወጥም። ችግሩ ከውጭ የሚመጣው ፎርም «የመጀመሪያ ስም» እና «የቤተሰብ ስም» ብሎ ከፍሎ ሰላምታውን ከሁለተኛው ጋር ማያያዙ ነው። እንዲያ ካደረጋችሁ ደብዳቤው ወይዘሮዋን ትቶ አባቷን ሰላም ይላል። ዝርዝሩ ላይ ማዕረግን ለብቻ፣ የራስን ስም ለብቻ፣ የአባትን ስም ለብቻ አስቀምጡ፣ ሰላምታው ማዕረግና የራስ ስም ብቻ ይውሰድ፦ «ክብርት ወ/ሮ እገሊት»፣ «ክቡር ዶ/ር እገሌ» እያለ። የማዕረግ ቦታው ባዶ የሆነ ሰው ካለ ሳይሞላ አይታተም። 500ውን ከማተማችሁ በፊት ረጅሙን ስም፣ አጭሩንና ማዕረጉ የተወሳሰበውን መርጣችሁ አሥር ያህል አስወጥታችሁ እዩ።

ሪስፖንስ ሬት ደብዳቤ ከደረሳቸው ስንቱ መለሱ የሚለው ነው። ከ500 ሰው 25 መዋጮ ካስገባ 5 በመቶ ነው። ይህን ለማወቅ ከደብዳቤው ማን እንደመጣ መለየት አለባችሁ፤ ባንክ ሲያስገቡ የሚጽፉት አጭር መለያ ቁጥር ደብዳቤው ላይ ስጧቸው።

ጥያቄ፦ ሜክሲኮ አካባቢ ያለ ድርጅት ውስጥ እሠራለሁ። ብሮሸራችን 14 ገጽ ነው። ማተሚያ ቤቱ «12 ወይም 16 አድርጉት» አለን፤ ደግሞ «ብሊድ የለውም» ብሎ ፋይሉን መለሰ።

መልስ፦ መሃሉ ላይ በሽቦ የሚሰፋ ጥራዝ አንድ ወረቀት ታጥፎ አራት ገጽ ነው የሚሆነው። ስለዚህ የገጹ ብዛት ለአራት መካፈል አለበት፣ ሽፋኑም ተቆጥሮ። 14 ቢታተም ሁለት ገጽ ባዶ ሆኖ ይወጣል። 12 ለማድረግ ጽሑፍ መቁረጥ ከከበዳችሁ 16 አድርጉትና አንዱን ገጽ ለቢሮው ካርታና አድራሻ ስጡት፤ ከተማው እየፈረሰና እየተሠራ ስለሆነ ሰው መንገዱን በደንብ ተገልጾ ማግኘት ይፈልጋል። ሌላው ገጽ ማስታወሻ መጻፊያ ይሁን።

ብሊድ ከመቁረጫው መስመር ውጭ የሚተርፍ ቀለም ነው፣ በየጎኑ 3 ሚሊ ሜትር። ወረቀት በትልቅ ማሽን በአንድ ላይ ተከምሮ ስለሚቆረጥ ትንሽ መንሸራተት አይቀርም። ቀለማችሁ ልክ መስመሩ ላይ ካለቀ ጠርዙ ላይ ነጭ ክር ይታያል። ኤ5 ብሮሸር ከሆነ ፋይሉ 154 በ216 ሚሊ ሜትር ሆኖ ይላክ። ስልክ ቁጥርና ጽሑፍ ደግሞ ከጠርዙ ቢያንስ 5 ሚሊ ሜትር ወደ ውስጥ ይግባ። ዲዛይነራችሁ ይህን ለማስተካከል ግማሽ ሰዓት አይፈጅበትም፤ የመደቡ ፎቶ ግን ልክ በልኩ ተቆርጦ ከሆነ ኦሪጅናሉን ፈልጋችሁ ስጡት።