ዕድገትን የሚጎትተው ወጪ ንግድ ነው ወይስ የመንግሥት በጀት?

ጥያቄ፦ በሰሜን ሸዋ፣ በሸዋ ሮቢት ከተማ የምኖር የእህል ነጋዴ ነኝ። ማሾ ከገበሬው እየሰበሰብሁ ለላኪዎች አቀርባለሁ። በሬዲዮ አንዱ ባለሙያ «ሀገር የሚያድገው በወጪ ንግድ ነው» ሲል ሌላው «መንግሥት በሚያወጣው ገንዘብ ነው» ይላል። እውነቱ የትኛው ነው? በጀቱስ በየዓመቱ ይህን ያህል ሲጨምር እኛን ለምን አልታወቀንም?

መልስ፦ የተከበሩ ጠያቂያችን፣ የአንድ ሀገር ጥቅል ምርት የሚሰላው የቤተሰብ ፍጆታ፣ መዋዕለ ንዋይ፣ የመንግሥት ወጪ እና ከወጪ ንግድ ላይ ገቢ ንግዱ ተቀንሶ የሚቀረው ተደምሮ ስለሆነ፣ ከእነዚህ አንዱ ከፍ ባለ ቁጥር ዕድገት በወረቀት ላይ መታየቱ አይቀርም። ምክንያቱ የትኛው፣ ውጤቱ የትኛው እንደሆነ ግን ድምሩ አይናገርም። ጀርመናዊው የኢኮኖሚ ሊቅ አዶልፍ ዋግነር በ19ኛው ክፍለ ዘመን የመንግሥት ወጪ የሚሰፋው ኢኮኖሚው ስላደገ ነው ብሎ ነበር፤ እንግሊዛዊው የኢኮኖሚ ሊቅ ኬይንስ በበኩሉ ገበያ ሲቀዘቅዝ የመንግሥት ወጪ ራሱ ምርትን ሊያነሣሣ እንደሚችል አስረድቷል። ክርክሩ ዛሬም አልተዘጋም።

በእኛ ሀገር ሁኔታ ግን ሁለቱን ማፎካከሩ የሚያዋጣ አይመስለኝም። መንግሥት መንገድ ልሥራ ሲል የቀን ሠራተኛውን በብር ይከፍላል፤ ሬንጅ፣ ነዳጅ፣ ጎማና የማሽን መለዋወጫ ግን የሚገዙት በዶላር ነው፤ ከዚያ ዶላር አንዱን ክፍል የሚያመጣው እርስዎ የሚሰበስቡት ማሾ ነው። ማሾ ቶሎ የሚደርስና ከአካባቢው ገበታ ይልቅ ለውጭ ገበያ የሚፈለግ ሰብል በመሆኑ፣ በ2006 ዓ.ም. ወደ ኢትዮጵያ ምርት ገበያ ገብቷል። በተቃራኒው፣ ኩንታሉን የጫነው መኪና ከደብረ ሲና ወደ ጣርማ በር የሚወጣው በመንግሥት ገንዘብ በተሠራ መንገድ ነው። (በዚሁ መንገድ ላይ ያለውን የጣርማ በር ዋሻ የቆፈረው ጣሊያን በወረራው ዘመን፣ ለሠራዊቱ ብሎ ነበር፤ የመንግሥት ወጪ ያላሰበውን ሰው መጥቀሙ አዲስ ነገር አይደለም።) ዳገቱ ላይ የሚባክነው ነዳጅና ጊዜ የትራንስፖርት ዋጋ ሆኖ ገበሬው ከሚያገኘው ላይ ይቀነሳል። መንገዱ ሲሻሻል ዓለም አቀፉ ዋጋ ሳይነካ የገበሬው ድርሻ ሊጨምር ይችላል።

ወደ ሁለተኛው ጥያቄዎ ስንመጣ፣ የብር አኃዝ ብቻውን ያሳስታል። የፌዴራል መንግሥት በጀት በ2016 ዓ.ም. ወደ 802 ቢሊዮን ብር ነበር፤ ለ2018 ዓ.ም. የጸደቀው ደግሞ 1.93 ትሪሊዮን ብር ነው። ከእጥፍ በላይ ሆነ ማለት ነው። በመካከሉ ግን ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የውጭ ምንዛሬ ተመን በገበያ እንዲወሰን በመደረጉ፣ 57 ብር አካባቢ የነበረው ዶላር ከመቶ ብር በላይ ወጥቷል፤ ሁለቱ በጀቶች በየጊዜያቸው ተመን ወደ ዶላር ሲመነዘሩ ሁለቱም ከ14 ቢሊዮን ብዙ አይርቁም። በዚያ ላይ ከ2018ቱ በጀት ለካፒታል ወጪ (እንደ መንገድ ላሉ ግንባታዎች) የተያዘው ሩብ እንኳ አይሞላም፤ የሚበዛው ለደመወዝ፣ ለዕዳ ክፍያና ለመሰል መደበኛ ወጪዎች የሚውል ነው። ለዕዳ የሚከፈለው ደግሞ በዚያ ዓመት አዲስ ምርት አይፈጥርም።

የወጪ ንግዱም አኃዝ እንዲሁ መመርመር አለበት። በ2016 ዓ.ም. 3.8 ቢሊዮን ዶላር ገደማ የነበረው ገቢ በ2017 ከ8 ቢሊዮን አልፏል፤ ይህ ትልቅ ለውጥ ነው። ሆኖም ከጭማሪው ሰፊውን ድርሻ የያዘው ወርቅ ሲሆን፣ ከዚያም ውስጥ ቀድሞ በኮንትሮባንድ ይወጣ የነበረና ብሔራዊ ባንክ ወርቅ የሚገዛበት ዋጋ ሲሻሻል ወደ ሕጋዊው መስመር የተመለሰ አለበት። እንዲህ ያለው ወርቅ ለውጭ ምንዛሬ ክምችት ይጠቅማል እንጂ ሀገሪቱ ያን ያህል አዲስ ነገር አመረተች አያሰኝም። ከማሾ፣ ከሽምብራና ከምስር የሚገኘው ዶላር ከወርቁ ጋር ሲነጻጸር ጥቂት ነው፤ ገንዘቡ ግን በገበሬው፣ በለቃሚው፣ በአበጣሪው፣ በጫኝና አውራጁ እጅ እያለፈ በወረዳው ገበያ ስለሚዞር፣ በሸዋ ሮቢት የሚታወቀው ዕድገት ከወርቁ ይልቅ የዚህኛው ነው።