«ምቡቤ»፦ በሦስተኛው ቀረጻ ላይ የተገኘው ዜማ (ጥያቄና መልስ)

ስለ ሰለሞን ሊንዳ ዘፈን የቀረቡልኝን ጥያቄዎች በመጡበት ቅደም ተከተል እመልሳለሁ። ዓመቶቹ ሁሉ እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።

ጥያቄ፦ ልጆቼ ከ«ላየን ኪንግ» ፊልም የለመዱት የአንበሳ ዘፈን የአሜሪካ ነው ወይስ የአፍሪካ?

መልስ፦ የደቡብ አፍሪካ ነው። በ1939 ጆሃንስበርግ ውስጥ፣ በኤሪክ ጋሎ ስቱዲዮ ተቀረጸ። አውራጁ የዙሉ ተወላጁ ሰለሞን ሊንዳ ነው፤ ተቀባዮቹ ደግሞ «የምሽት ወፎች» የተሰኘው ቡድኑ። «ምቡቤ» በዙሉኛ አንበሳ ማለት ነው።

ጥያቄ፦ በቀረጻው ዕለት ምን ተፈጠረ? የተለያየ ነገር ሰምቻለሁ።

መልስ፦ ይህን የሚጠይቀኝ ሰው ስጠብቅ ነበር። ሊንዳ ከናታል ገጠር ወደ ከተማ ገብቶ በዚያው በጋሎ ኩባንያ ሸክላ እያሸገ የሚተዳደር ሠራተኛ ነበር። ግጥሙ አጭር ነው፤ ተቀባዮቹ በወፍራም ድምፅ «ኡዪምቡቤ»፣ «አንበሳ ነህ» እያሉ ይደጋግማሉ፤ ፒያኖ፣ ጊታርና ባንጆ ያጅቧቸዋል። ሊንዳ ከእነርሱ በላይ በቀጭን ድምፅ እንደ ልቡ ይወጣል ይወርዳል። የመጀመሪያው ቀረጻ ተበላሸ። ሁለተኛውም እንዲሁ። በሦስተኛው ላይ፣ ዘፈኑ ሊያልቅ ሲል፣ ሊንዳ ያላዘጋጀውን ዜማ እዚያው አፈለቀ። ዛሬ ዓለም በእንግሊዝኛ ግጥም የሚያዜመው ያንን ነው፤ ጥቂት ሰከንዶች ብቻ ይወስዳል። ሸክላውን የምታዳምጡ ሁሉ እባካችሁ እስከ መጨረሻው ታገሡ። ብዙ ሰው መሐል ላይ አቋርጦ «ታዲያ ዜማው የታለ?» ይለኛል።

ጥያቄ፦ «ዊሞዌ» የሚለው ቃል ትርጉሙ ምንድን ነው?

መልስ፦ ትርጉም የለውም። የሕዝብ ዘፈን ሰብሳቢው አላን ሎማክስ ሸክላውን ለአሜሪካዊው ዘፋኝ ለፒት ሲገር ሰጠው፤ ሲገርም «ኡዪምቡቤ»ን «ዊሞዌ» ብሎ ሰማው። የሲገር ቡድን ዊቨርስ በ1952 በዚሁ ርዕስ አሳተመው። በደራሲነት የተመዘገበው «ፖል ካምቤል» ነው። ይህን ሰው ፈልጋችሁ አትድከሙ፤ የቡድኑ የብዕር ስም ነው።

ጥያቄ፦ የእንግሊዝኛው ግጥምስ?

መልስ፦ የጆርጅ ዊስ ነው፣ 1961፤ ርዕሱም «ዘ ላየን ስሊፕስ ቱናይት» («አንበሳው ዛሬ ማታ ተኝቷል») ነው። የዘፈኑት ቶከንስ የተባሉ የብሩክሊን ወጣቶች ናቸው። በሸክላው ሁለተኛ ገጽ ላይ የገባ ዘፈን ቢሆንም አድማጭ ይህንኑ መረጠ፤ በዚያው ዓመት ዲሴምበር ላይ በአሜሪካ አንደኛ ሆነ። በሊንዳ ዘፈን ውስጥ ግን አንበሳው አይተኛም፤ እንቅልፉ የመጣው ከአሜሪካ ነው።

ጥያቄ፦ የሕዝብ ዘፈን ከሆነ ለማን ይከፈላል?

መልስ፦ የሕዝብ ዘፈን አይደለም! ደራሲው በስሙ የሚታወቅ፣ በሕይወት ያለ ሰው ነበር። «ባለቤት የለውም» የሚለው ወሬ ለማን እንደጠቀመ ማሰብ አያዳግትም።

ጥያቄ፦ ሊንዳ ራሱ ምን አገኘ?

መልስ፦ መብቱን ለኩባንያው ያስረከበው በ10 ሺሊንግ ነው። ሸክላው በደቡብ አፍሪካ እስከ 1940ዎቹ መጨረሻ ወደ 100,000 ቅጂ ተሽጧል። ሲገር በኋላ 1,000 ዶላር ልኮለታል፤ ይህን ሳልጠቅስ ባልፍ ደግ አይሆንም። ሊንዳ በ1962 በኩላሊት ሕመም ሞተ፤ ዘፈኑ አሜሪካን ካዳረሰ ዓመት እንኳን አልሞላም ነበር። በመቃብሩ ላይ ድንጋይ የቆመው ከ18 ዓመት በኋላ ነው።

ጥያቄ፦ ልጆቹ የ«ላየን ኪንግ»ን ሠሪ ዲዝኒን በፍርድ ቤት ረቱት ይባላል። እውነት ነው?

መልስ፦ አልረቱትም፤ ጉዳዩ በስምምነት ነው ያለቀው። በ2000 ጋዜጠኛው ሪያን ማላን በሮሊንግ ስቶን መጽሔት ታሪኩን ዘርዝሮ ሲጽፍ፣ ዘፈኑ ከ«ላየን ኪንግ» ብቻ 15 ሚሊዮን ዶላር ያህል ሳያስገኝ እንደማይቀር ገመተ። የቤተሰቡ ጠበቆች መውጫውን ያገኙት በ1911 የእንግሊዝ የቅጂ መብት ሕግ ውስጥ ነው። በቅኝ ግዛቶቹም ይሠራበት የነበረው ይህ ሕግ፣ ደራሲው መብቱን ሸጦም ቢሆን ከሞተ 25 ዓመት ሲሞላው መብቱ ለወራሾቹ ይመለሳል ይላል። ከ1962 ብትቆጥሩ 1987 ነው። ቤተሰቡ በ2004 ዲዝኒን ሲከስ፣ በደቡብ አፍሪካ የተመዘገቡትን የኩባንያውን የንግድ ምልክቶች በፍርድ ቤት አስያዘ፤ ሚኪ ማውስ መያዣ ሆነ ማለት ነው። በፌብሩዋሪ 2006 የዘፈኑን መብት ከያዘው አቢሊን ሚዩዚክ ጋር ተስማሙ፤ ሊንዳ በደራሲነት ተመዘገበ፣ ክፍያውም ከ1987 ጀምሮ ታሰበ።

ጥያቄ፦ ከየትኛው ቀረጻ ልጀምር?

መልስ፦ ከ1939ኙ። ቀጥለው በ1960 ሚሪያም ማኬባ በዙሉኛ የዘፈነችውን ይስሙ። የቶከንስን ሦስተኛ ያድርጉት። የፊልሙን ልጆችዎ ያሰሙዎታል።