«ምች ነው» ከማለታችሁ በፊት

ሰሞኑን የደረሱኝ ጥያቄዎች አብዛኞቹ ስለ ስትሮክ፣ ማለትም የአንጎል ደም ሥር በድንገት ሲዘጋ ወይም ሲፈነዳ ስለሚመጣው ሕመም ናቸው። አራቱን እነሆ።

«እናቴ ጠዋት ስትነሳ አፏ ወደ አንድ ጎን ተጣሞ ነበር። ጎረቤቶች ምች ነው ብለው በዳማከሴ አሿት። ሐኪም ቤት የደረስነው ማታ ነው። በምን እንለየው ነበር?» (ከኮዬ ፈጬ)

ዳማከሴው አልጎዳቸውም፤ የጎዳቸው የባከነው ቀን ነው። ፈገግ በሉ በሏቸው፤ የከንፈራቸው አንድ ጎን ይወርዳል? ዓይናቸውን ጨፍነው ሁለት እጃቸውን ወደ ፊት ይዘርጉ፤ አንዱ ቀስ እያለ ይወድቃል? አንድ አጭር ነገር ያስደግሟቸው፤ ምላሳቸው ይተሳሰራል? ከሦስቱ አንዱ እንኳ ድንገት ከታየ ስትሮክ ነው ብለው ይነሱ። የዓይን ብርሃን በድንገት መጥፋት፣ ሚዛን መሳት፣ ከዚህ በፊት ያልነበረ ኃይለኛ ራስ ምታትም እንደዚያው። ፊትን ብቻ የሚያጣምም የነርቭ ሕመም መኖሩ እውነት ነው፤ መለየቱ ግን የሐኪም ሥራ ነው።

ሰዓቱንም ይያዙ። የረጋ ደም የሚያሟሟው መድኃኒት በአብዛኛው የሚሰጠው ሕመሙ ከጀመረ 4 ሰዓት ተኩል ሳያልፍ ነው። እንደ እናትዎ ከእንቅልፍ ሲነሱ ከሆነ ደግሞ የሚቆጠረው ከነቁበት ሳይሆን ለመጨረሻ ጊዜ ደህና ሆነው ከታዩበት ሰዓት ነው። ሐኪሙ «ማታ ስንት ሰዓት ተኙ?» እያለ የሚያደርቃችሁ ለዚህ ነው። ጊዜው ቢያልፍም ከመሄድ አይቅሩ።

«አባቴ ትናንት እድር ላይ ንግግሩ ተኮላተፈ፣ ቀኝ እጁም ዛለ። በ20 ደቂቃ ተሻለው። ድካም ነው ይላል።» (ከቡራዩ)

ዛሬውኑ ይውሰዱት። ለጊዜው ተዘግቶ የተከፈተ የደም ሥር ሊሆን ይችላል፤ ትልቁ ስትሮክ የሚከተለው ብዙ ጊዜ በመጀመሪያዎቹ ሁለት ቀናት ነው። «ተሻለኝ» ካለ አባት ጋር መከራከር እንደማይቻል አውቃለሁ። «ግፊትህን እንለካ» ይበሉት፤ ውሸትም አይደለም፣ መለካቱ አይቀርም።

«ቤት አስፕሪን አለ። ሐኪም ቤት እስክንደርስ ልስጥ?» (ከቱሉ ዲምቱ)

አይስጡ። ስትሮክ የደም ሥር ሲዘጋም ሲፈነዳም ይመጣል፤ የሚለየው የአንጎልን ውስጥ በምስል የሚያሳየው ማሽን፣ ሲቲ ስካን ነው። የፈነዳ ከሆነ አስፕሪኑ ያባብሰዋል። ምግብም ውኃም ይቅር፣ ትን ይላል። ጸበሉን ይርጩ እንጂ አያጠጡ።

«ሰፈራችን ማታ ታክሲ የለም።» (ከሰበታ)

907 ይደውሉ፤ የቀይ መስቀል አምቡላንስ ነው። ከዘገየ መኪና ያለው ጎረቤት ይቀስቀሱ፤ የሚያስመልሳቸው ከሆነ በጎን ያስተኟቸው። ጤና ጣቢያ ሲቲ ስካን ስለሌለው በቅርባችሁ የትኛው ሆስፒታል እንዳለው ዛሬ፣ ሰው ሳይታመም ይጠይቁ። «ማሽኑ ይሠራል?» ማለትም አይፈሩ።