ማክሰኞን ማን አዘዘብሽ?

ጥያቄ፦ ጋሼ፣ ጤና ይስጥልኝ። ዕድሜዬ 27 ነው። እዚሁ ጎንደር በአንድ ባንክ ቅርንጫፍ ገንዘብ ተቀባይና ከፋይ ሆኜ እሠራለሁ፤ ከሰኞ እስከ ዓርብ ሙሉ ቀን፣ ቅዳሜ ግማሽ ቀን። ካለፈው ጥቅምት ጀምሮ በየሳምንቱ ማክሰኞ ፖድካስት፣ በኢንተርኔት የሚደመጥ የድምፅ ዝግጅት፣ አወጣለሁ። የከተማችንን የቆዩ የእጅ ባለሙያዎች ነው የማነጋግረው፤ ሸማኔውን፣ ብር ሠሪውን፣ ልብስ ሰፊውን። አንዱ ክፍል አርባ ደቂቃ ያህል ይሆናል። ቀረጻው ደስታዬ ነው፤ የጨረሰኝ አርትዖቱ ነው። እሑድም ሰኞም እስከ ሌሊቱ ስምንት ሰዓት ኮምፒውተር ላይ አፍጥጬ አመሻለሁ። ባለፈው ወር እንቅልፍ እያዳፋኝ ከፍዬ ማታ ሒሳብ ሲዘጋ 1,000 ብር ጎደለብኝ፤ ከኪሴ ተካሁ። እናቴ «ወይ ባንኩን ወይ ወሬሽን ምረጪ» ትለኛለች። አንድ ካፌ ደግሞ በወር 3,000 ብር ድጋፍ ላድርግልሽ ብሏል። ባንኩን ልልቀቅ?
የማክሰኞ ባለዕዳ፣ ከማራኪ

መልስ፦ እህቴ፣ ባለዕዳ ብለሽ ፈርመሻል። ዕዳ ካለ አበዳሪ ይኖራል፤ ያንቺ አበዳሪ ማን ነው? ረቡዕ ጠዋት ደጅሽን አንኳኩቶ «የትናንቱ የት ደረሰ?» ያለሽ አድማጭ አለ? ማክሰኞን የቀጠርሽው ራስሽ ነሽ፤ ስለዚህ ቀጠሮውን ማራዘምም ያንቺው ሥልጣን ነው።

ይህን የምልሽ ከላይ ሆኜ አይደለም። እኔም ቀን ቀን የአንድ ነጋዴ ድርጅት ሒሳብ ሠራተኛ ነኝ፤ ሰኔ 30 ሲቃረብ ቤቴን የምረሳ ሰው። ማታ ማታ ከአንድ ጓደኛዬ ጋር ፖድካስት መሥራት የጀመርን ጊዜ እኛም በየሳምንቱ ብለን ማልን። አራት ወር ሳይሞላን ጓደኛዬ ማይክሮፎኑ ፊት ተቀምጦ አንኮራፋ። ቀረጻው እስካሁን አለኝ፤ ሲያናድደኝ አሰማዋለሁ።

ወደ አርትዖቱ ልምጣ፣ ሕመምሽ እዚያ ነውና። ፒያሳ አካባቢ የሚሠሩ፣ ዕድሜያቸው ከሰባ ያለፈ ልብስ ሰፊ አነጋግሬ ነበር። 52 ደቂቃ ቀረጽኩ። ከዚያ ቤቴ ገብቼ ሳሉን ሁሉ ቆረጥኩ፤ «እንግዲህ» ያሉበትን ሁሉ ቆረጥኩ፤ ዝም ያሉበትን ቦታ ሁሉ ጥርግ አድርጌ አወጣሁ። ስድስት ሰዓት ፈጀብኝ። የቀረው 31 ደቂቃ ነው። ኮርቼ በስልኬ ይዤላቸው ሄድኩ። እግራቸውን ከመኪናው መርገጫ ላይ ሳያነሱ ጥቂት አዳመጡና «ይህ ሰውዬ ማን ነው?» አሉኝ።

«እርስዎ ነዎት።»

«እኔ እንዲህ ተጣድፌ አላውቅም። ትንፋሽ አይወስድም እንዴ ይኼ?» ጥቂት ቆይተው ደግሞ፣ «እዚህ ጋ ዝም ብዬ ነበር እኮ። ክር በመርፌው ሳስገባ ነበር። አንተ ያለ ክር አሰፋኸኝ።»

ስድስት ሰዓት እንቅልፌን ከፍዬ የገዛሁት ይህን ነው። ከዚያ ቀን ወዲህ የምቆርጠው ሦስት ነገር ብቻ ነው፦ የመጀመሪያውን ግርግር፣ የመጨረሻውን ስንብት፣ እንግዳው ራሱ «ይህን አውጣልኝ» ያለውን። በቀረጻ መሐል ስልክ ከጠራ ወይም አንቺ ከተሳሳትሽ አንዴ ጠንከር አድርገሽ አጨብጭቢ። በኋላ ኮምፒውተሩ በሚስለው የድምፅ መስመር ላይ ጭብጨባው እንደ እሾህ ሾሎ ስለሚታይ ስሕተቱን ለማግኘት ከዳር እስከ ዳር ማዳመጥ አያስፈልግሽም። እንዲህ ከሆነ የአርባ ደቂቃው ክፍል አርትዖት አንድ ጊዜ ከመስማት ብዙ አይበልጥም። ከምሽቱ አምስት ሰዓት በፊት ትተኛለሽ ማለቴ ግን አይደለም፤ እናትሽ ቡና ካፈሉ ተቀመጪ።

ጫጫታውን በአርትዖት ለማጥፋት ከመድከም አስቀድሞ መከላከል ይሻላል። ሲሚንቶ ወለልና ቆርቆሮ ጣራ ያለው ክፍል ድምፅን እንደ ኳስ ያነጥራል፤ በግድግዳው ላይ ጋቢና ብርድ ልብስ ስቀዪ፣ ልብስ የሞላ ቁም ሣጥን ካለ በሩን ክፈቺው። በሐምሌና በነሐሴ ከሰዓት በኋላ ቆርቆሮ ሥር ማንንም አታነጋግሪ፤ የክረምቱን ክፍሎች በግንቦት ቅረጪያቸው። የደወሉንና የቅዳሴውን ድምፅ ግን ተይው። አርባ አራቱ ታቦት በሚባልለት ከተማ ስለ ጎንደር ሸማኔ እያወሩ ደወል ጠፋ ቢባል ማን ያምንሻል? እኔ አንድ ጊዜ እስኪያበቃ ብዬ አንድ ሰዓት ጠበቅኩ። እንግዳዬ ራት ደረሰብኝ ብለው ሄዱ።

የጊዜውን ነገር እንዲህ አድርጊው። ቅዳሜ ከሰዓት ነጻ ነኝ ብለሽ ባለሙያዎቹን እንዳትቀጥሪ፤ ሸማኔው ያን ዕለት ቅዳሜ ገበያ ነው፣ ልቡም እጁም እዚያ ነው። እሑድ ከቤተ ክርስቲያን መልስ፣ ቡና ከተጠጣ በኋላ፣ ሁለት እንግዳ በአንድ ቀን አነጋግሪ። በየአሥራ አምስት ቀኑ አንድ ክፍል ካወጣሽ ያ የወር ስንቅ ነው። በወር አንዱ እሑድ ለቀረጻ፣ ሁለቱ ለአርትዖት፣ አንዱ ለእናትሽ። የጥምቀት ሰሞን ደግሞ ፈጽሞ አትሞክሪው፤ ከተማው በሙሉ ፋሲል መዋኛ ወርዶ ማንን ታነጋግሪያለሽ? ለአድማጭሽ «ከእንግዲህ በየአሥራ አምስት ቀኑ እንገናኛለን» በይና ወደ ወሬሽ ግቢ። አምስት ደቂቃ ይቅርታ የሚጠይቅ ፖድካስት እኔ አልሰማም።

ኢንተርኔቱ ጥቅልሽን በላ ብለሽ እንደሆነም ገምቻለሁ። የድምፁን ፋይል ስታወጪ የምትመርጪው ጥራት በሴኮንድ በኪሎቢት ይለካል፤ ለንግግር 320 ኪሎቢት ምን ያደርጋል? በሰዓት 144 ሜጋባይት ነው። በ64 ኪሎቢት፣ በአንድ መስመር ድምፅ (ሞኖ በሚባለው) ካወጣሽው 29 ሜጋባይት ገደማ ይሆናል። የሚያወርደውም ሰው እንዳንቺው ጥቅል እየገዛ ነው።

አሁን ወደ ባንኩ። አትልቀቂ። በአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 መሠረት መደበኛው የሥራ ሰዓት በቀን ከ8፣ በሳምንት ከ48 አይበልጥም፤ የመጀመሪያው ዓመት ፈቃድ ደግሞ 16 የሥራ ቀን ነው፣ ከዚያ በየሁለት ዓመቱ አንድ ቀን ይጨመራል። ከፈቃድሽ ሦስቱን ቀን ለቀረጻ ብታውዪው አልቃወምም፤ 16ቱንም ከሰጠሽው ግን እንደገና እጽፍልሻለሁ። የቅጥር ውልሽን አውጥተሽ ስለ ተጨማሪ ሥራ የሚለውን አንብቢ። ሥራ አስኪያጅሽም ከሌላ ሰው ሳይሰሙ ካንቺው ይስሙ። በባንኩ ኮምፒውተር አንዲት ደቂቃ እንዳታርሚ። በቅጂ መብት አዋጅ 410/1996 ሠራተኛ በቅጥር ሥራው የፈጠረው ሥራ፣ ሌላ ስምምነት ከሌለ፣ የአሠሪው ነው። ብር ሠሪውን ማነጋገር የገንዘብ ከፋይ ሥራ ባይሆንም ለክርክር በር አትክፈቺ።

ሌላም አለ። ከእንግዶችሽ መካከል መስኮትሽ ፊት የሚቆሙ ደንበኞች ይኖራሉ። የባንክ ደብተራቸውን ምስጢር ታውቂያለሽ። ስለዚህ «ሥራው እንዴት ነው፣ ይከፍላል?» የሚለውን ጥያቄ እንደ ማንኛውም ጠያቂ ጠይቂ፤ መልሱን ታውቂዋለሽና ፊትሽን ጠብቂ።

የካፌው 3,000 ብር ነው የሚያሳስበኝ። በየወሩ ከተቀበልሽ ማክሰኞ ያን ጊዜ እውነተኛ አበዳሪ ያገኛል፤ አሞኝ ነበር፣ ሒሳብ መዝጊያ ነበር አይሰማልሽም። ከወደድሽው ለስምንት ክፍል በአንድ ጊዜ ይክፈሉሽ፣ መቼ እንደሚወጣም አንቺ ወስኚ። ካፌው የባንካችሁ ደንበኛ ከሆነ ደግሞ ለአለቃሽ አስቀድመሽ ተናገሪ።

የብር ሠሪውን ክፍል አዳምጫለሁ። 17ኛው ደቂቃ ላይ መዶሻው ድንገት ይቆምና ወዲያው ሌላ ጥያቄ ትጠይቂያለሽ። እዚያ ቦታ ምን ነበር? ዋናውን ቅጂ ካላጠፋሽው መልሰሽ አስገቢው።